ከጅማ ሆኖ የትዳር ቪዛ ሰነድ መሰብሰብ፦ የቱ ወረቀት ይሻላል?

ባሌ ካናዳ ነው፣ እኔ ደግሞ እዚሁ ጅማ። የራሴን ፋይል ሞልቼ ካስገባሁ በኋላ ሰፈር ውስጥ «ፕሮሰስ የምታውቀው ልጅ» ተብዬ ቀረሁ። ቡና በተጠራሁበት ሁሉ አንዷ ከጎኗ ፌስታል ታወጣለች። ውስጡ የልደት ካርድ አለ፣ የኒካህ ወረቀት አለ፣ የባሏ ፓስፖርት ኮፒ አለ፣ አንዳንዴም እንዴት እንደገባ የማይታወቅ የውኃ ቢል አለ። «እስቲ እዪልኝ፣ የቱ ይሻላል?» ትለኛለች። ይሄ ሁሉ ገና አቦል ላይ ነው።

ስለዚህ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ስለ ፎርም አሞላል አላወራም። ፎርሙ በየአገሩ ይለያያል፣ ክፍያውና ደንቡም ይቀያየራል፣ እሱን በምታስገቡበት ሰሞን ከየአገሩ የኢሚግሬሽን ገጽ ላይ ማየት ነው። የኔ ጉዳይ ፌስታሉ ነው። ሁለት ወረቀት ይዛችሁ የቱን ላስቀድም ስትሉ፣ ወይም አንድ ነገር በሁለት መንገድ ማስረዳት ስትችሉ፣ የቱ ይሻላል?

እኔ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄን ወረቀት ነገ ጠዋት ሄጄ ላሠራው እችላለሁ? ከቻልኩ፣ ወረቀቱ ምንም ያህል ማህተም ቢያምርበት ደካማ ነው። የማልችል ከሆነ፣ ማለትም ድሮ በሌላ ምክንያት የወጣና እኔ ቪዛ እጠይቅበታለሁ ብዬ ያላሰብኩት ከሆነ፣ ተቀዳዶም ቢሆን ጠንካራ ነው። ፋይሉን የሚያየው ሰው እኛን አያውቀንም። ሠርጋችን ላይ ስንት ሰው እንደበላ አላየም። የሚያምነው እኛ የነገርነውን ሳይሆን ሌላ ሰው ለራሱ ጉዳይ ብሎ የጻፈውን ነው።

ኒካህ ወይስ ወሳኝ ኩነት?

ይሄ የጅማ ቁጥር አንድ ጥያቄ ነው። በሕጋችን ጋብቻ በሦስት መንገድ ይፈጸማል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። ሦስቱም ጋብቻ ናቸው። ስለዚህ «ኒካህ ብቻ ነው ያለን፣ ተጋብተናል አይባልም» የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ችግሩ ጋብቻው ላይ አይደለም፣ ማስረጃው ላይ ነው። ውጭ አገር ያለ መኮንን የሰፈራችሁን ቃዲ ፊርማ ከሌላው ፊርማ መለየት አይችልም። ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የወጣውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግን አገሩ ሁሉ የሚጠቀምበት ስለሆነ ያውቀዋል።

ታዲያ ወሳኝ ኩነት ይበልጣል ብዬ ልጨርሰው? አይደለም። ወሳኝ ኩነት በአዋጅ 760/2004 መሠረት ሥራ የጀመረው በ2008 መጨረሻ፣ ሐምሌ 30 ነው። ከዚያ በፊት የተጋባችሁ ከሆነ ያላችሁ የመስጊድ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ነው። አሁን ሄዳችሁ ብታስመዘግቡ የምታገኙት ወረቀት ዘንድሮ የወጣ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ይዛችሁ የአንድ ወር ወረቀት ብቻ ብታስገቡ ጥያቄ ያስነሳል። እዚህ ላይ ነው አሮጌው የሚያስፈልገው። አዲሱ «ሕጋዊ ነው ወይ?» ለሚለው ይመልሳል፣ አሮጌው «ከመቼ ጀምሮ?» ለሚለው። ሁለቱንም አያይዙ። አንድ ብቻ የሚቀበል ቦታ ከሆነ ወሳኝ ኩነቱን አስቀድሙና አሮጌውን ከትዳር ማስረጃዎቹ ጋር ክተቱት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የወሳኝ ኩነቱ ወረቀት ላይ የተጋባችሁበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን ይለያያሉ። ፎርሙ ላይ «የጋብቻ ቀን» ሲል የተጋባችሁበት ነው። ባል እዚያ ማዶ የምዝገባውን ቀን ሞልቶ፣ ሚስት እዚህ የኒካሁን ቀን ሞልታ፣ አንድ ባልና ሚስት ሁለት ሠርግ ያላቸው መስለው ሲቀርቡ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይወደውን ነገር ልናገር። የስልክ ኒካህ። ሙሽራው ካናዳ፣ ኤድመንተን ሆኖ ቪዲዮ ላይ፣ ወሊይ (የሙሽራዋ ወኪል) እና ምስክሮቹ ጅማ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ላይ፣ ሼኹ መሃል ላይ። ለቤተሰብ በቂ ሊሆን ይችላል። ለካናዳ ግን አይሆንም። ካናዳ ከሰኔ 2007 (በፈረንጆቹ ጁን 2015) ጀምሮ ሁለቱ በአካል ያልተገኙበትን ጋብቻ፣ በወኪልም ሆነ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመውን፣ ለስፖንሰር አትቀበልም። አሜሪካም ተጋቢዎቹ ከዚያ በኋላ በአካል ተገናኝተው እንደ ባልና ሚስት ካልኖሩ አትቆጥረውም። የኛው የቤተሰብ ሕግም ቢሆን በወኪል መጋባትን በመርህ ደረጃ አይፈቅድም። ስለዚህ ምርጫው ግልጽ ነው፤ እሱ ሲመጣ ሁለታችሁም በአካል ቆማችሁ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ፈርሙና ያንን ወረቀት ተጠቀሙ። የስልኩን ግን አትደብቁት። የትውውቃችሁን ታሪክ ስትጽፉ «በዚህ ቀን ቤተሰብ በስልክ ኒካህ አሰረልን፣ በዚህ ቀን ደግሞ በአካል ተጋባን» በሉ። ቻታችሁ ውስጥ «ባሌ» እያላችሁት የተጠራራችሁበት ሁሉ በአካል ከመጋባታችሁ በፊት ስለሆነ፣ ከደበቃችሁት ራሱ ቻቱ ያጋልጣችኋል።

እጮኛ ሆኖ መሄድ ወይስ ተጋብቶ?

ለካናዳ ይሄ ጥያቄ የለም፣ የእጮኛ ቪዛ የላትም። አሜሪካ ግን አላት፣ ኬ ዋን የሚሉት ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት በአካል መገናኘታችሁን ታስረዳላችሁ፣ ሁለታችሁም ያላገባችሁ መሆናችሁን ታሳያላችሁ፣ ከገባችሁ በ90 ቀን ውስጥ ትጋባላችሁ። ወረቀቱ ቀለል ያለ ይመስላል። ያም ሆኖ ለኛ አካባቢ ሰው አልመክረውም። ምክንያቱም ሽማግሌ ተልኮ፣ መህር ተቆርጦ፣ ድግስ ተደግሶ፣ ፎቶው ላይ እሷ በሂና እሱ በሙሉ ልብስ ተቀምጠው «እጮኛ ነን» ቢሉ ኢንተርቪው የሚያደርገው ሰው «እናንተማ ተጋብታችኋል» ብሎ ሊመልሳቸው ይችላል። ኒካህ ካለ በትዳር ሂዱ። ገና ቀለበት ብቻ ከሆነና ድግሱን ትንሽ ማቆየት ከቻላችሁ ኬ ዋን ይታሰባል።

ፎቶ፣ ቻት፣ ገንዘብ

የትዳሩ ወረቀት ተጋብታችኋል ይላል እንጂ ትዳራችሁ የእውነት ነው አይልም። ያንን የሚያሳየው ሌላው ክምር ነው። ሰው ሁሉ በፎቶ ነው የሚጀምረው፣ እኔ ደግሞ በገንዘብ እጀምራለሁ።

የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ከተጋባን በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ባሌ ብር የሚልክልኝ በሰው ነበር። እሱ እዚያ ዶላሩን ለአንድ ሰው ይሰጣል፣ እኔ እዚህ መርካቶ ካለ ሱቅ ብሩን እቀበላለሁ። ያኔ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት ወደ እጥፍ ተጠግቶ ስለነበር በባንክ ላክ ማለት ሞኝነት ይመስል ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ተመን ለገበያው ተለቀቀ፣ ልዩነቱም ጠበበ፣ እኛም ወደ ባንክ ዞርን። ፋይሉን ስሰበስብ ግን የነዚያ ስምንት ወራት አንዲት ደረሰኝ የለኝም። እንደ ሰው ለስምንት ወር በየወሩ ቀለቤን ልኮልኛል፤ በወረቀት ግን ባሌ ስምንት ወር ረስቶኝ ነበር። ሕጉም አለ እንግዲህ፣ እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ የምለው ግን ለቪዛም ሲባል በባንክ ወይም በሕጋዊ አስተላላፊ የመጣች ትንሽ ብር፣ በሰው እጅ ከመጣ ብዙ ብር ትበልጣለች። ደረሰኙ ላይ የላኪ ስም፣ የተቀባይ ስምና ቀን አለ። ባንኩ ስለ ትዳራችሁ ግድ የለውም፣ ለራሱ ሒሳብ ነው የጻፈው። ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። ደረሰኙ ከጠፋባችሁ የባንክ ስቴትመንት አስወጡ፣ ዝርዝሩ ላይ ይገኛል።

ከገንዘቡ እኩል የማስቀምጠው የጉዞ ወረቀት ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የቦሌ መግቢያና መውጫ ማህተም፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ በተለይ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የበረረበት ቲኬት። ቦሌ መግባቱ ኢትዮጵያ እንደመጣ ይናገራል፣ አባ ጅፋር አየር ማረፊያ ማረፉ ግን እናንተ ጋ እንደመጣ ነው የሚናገረው። በአውቶቡስ ከመጣና ስም ያለበት ቲኬት ካለው እሱም ይቀመጥ።

ቻት ሦስተኛ ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁለት ጥፋት ያጠፋል። አንዱ ስድስት መቶ ገጽ ማተም ነው፤ ማንም አያነበውም፣ የሚታየው ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ብር ብቻ ነው። ከየወሩ አንድ ሁለት ገጽ፣ ከትውውቁ እስከ አሁን ሳይቋረጥ፣ ይበቃል። ሁለተኛው የፍቅር ቃል ብቻ መምረጥ ነው። «ሕይወቴ፣ ማሬ» ነገም ይጻፋል። እኔ ያስገባሁት ገጽ ላይ ባሌ «የኡሚ ደም ግፊት እንዴት ሆነ? መድኃኒቷን ከየትኛው ፋርማሲ ገዛሽ?» ብሎኛል፤ ሌላው ላይ የቤት ኪራይ ተጨመረብን ብዬ ተነጫንጬበታለሁ። ትዳር ማለት ይሄው አይደል? ደግሞ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ያልተጻፈ ነገር ሁሉ ትርጉም ስለሚፈልግ፣ ኦሮምኛና አማርኛ የተደባለቀበትን ቻት በመቶ ገጽ ማስተርጎም ኪስ ያራቁታል። ጥቂት ምረጡ፣ እሱን አስተርጉሙ።

ድምፅ እንጂ ጽሑፍ የማትላላኩ ከሆነ የጥሪ ዝርዝሩን ስክሪን ሾት አድርጉ፣ ቀኑና የደቂቃው ርዝመት እንዲታይ። የኢሞና የዋትሳፕ ታሪክ ስልክ ስትቀይሩ ሊጠፋ ይችላል፣ ቴሌግራም ይሻላል ምክንያቱም በሌላ ስልክ ስትገቡም ታገኙታላችሁ። ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት አስቡበት። አንዷ ጎረቤቴ የሦስት ዓመት ጥሪ በአንድ የተሰረቀ ስልክ አጣች።

ፎቶ መጨረሻ ላይ ነው፣ ግን ያለ ፎቶ አይሆንም። ካናዳ ከ20 በላይ አትላኩ ትላለች፣ እኔም ከ20 በታች ነው የምለው። የስቱዲዮ ፎቶ ወይስ የስልክ? የስልክ። ስቱዲዮው ከኋላችሁ ፏፏቴ ወይ የዱባይ ፎቅ ይለጥፍባችኋል፣ ፊታችሁን እንደ ሸክላ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ፓስፖርቱ ላይ ካለችው ሴትዮ ጋር አትመሳሰሉም። ስልክ ላይ ያለችው፣ አማቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና ስትቀዳ እኔና እሱ ከጎኗ ጎመን የምንቀነጥስባት ፎቶ፣ ከሠርጉ አልበም ሁሉ በልጣ ታየችኝ። ሠርጉን አታስቀሩ፣ ሁለቱም ቤተሰብ የሚታይበት ሁለት ሦስት ይግባ። ከዚያ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ልብስ፣ በተለያየ ቦታ፤ ጂረን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሄዳችሁበት፣ ዘመድ ቤት፣ ክረምትም በጋም። ከሥር ማን፣ የት፣ መቼ ብላችሁ ጻፉ። በአንድ ቀን አምስት ልብስ ቀያይሮ መነሳት ይታወቃል፣ ፀጉሩ ያው ነዋ!

የሽማግሌ ደብዳቤ

በአጭሩ፦ አምስት ደብዳቤ ከአንድ ኮምፒውተር ከሚወጣ፣ ነገሩን ከሚያውቅ ሰው አንድ ደብዳቤ ይሻላል። «እነዚህ ጥንዶች በፍቅርና በመተሳሰብ የሚኖሩ መሆናቸውን እመሰክራለሁ» የሚለው ማንም ሊጽፈው የሚችለው ነው። ኒካሁ ላይ ምስክር የነበረው ጋሼ «በዚህ ቀን፣ በነሱ ቤት፣ እኔ ምስክር ነበርኩ፤ ባልየው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሲመጣ ቤቴ ምሳ በልቷል» ብሎ ቢጽፍና የመታወቂያ ኮፒና ስልኩን ቢያያይዝ ይሄ ምስክርነት ነው። ስልክ ሲደወልለት የሚያነሳ ሰው ምረጡ ደግሞ።

ስም፣ ቀን፣ ትርጉም

በዚህ ነገር ነው ሰው የሚመለሰው። ፍቅሩ እውነት ሆኖ ፊደሉ የሚያስመልሳቸው ብዙ ናቸው።

ፓስፖርት እናት ነው፣ ሌላው ሁሉ ልጅ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፋይዳ፣ የባንክ፣ የትምህርት ወረቀት ሁሉ ከፓስፖርቱ የፊደል አጻጻፍ ጋር ይተያይ። እኛ አካባቢ ችግሩ ድርብ ነው። ወረቀቱ በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ ረጅም ድምፅ ያለው ፊደል ይደገማል። ጀማል በቁቤ መጨረሻው ላይ «ኤ» ሁለቴ ነው፣ ፓስፖርት ላይ ከአማርኛው ተወስዶ አንዴ ይሆናል። መሐመድማ ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ቤት ይቁጠረው። ታዲያ ማስተካከል ይሻላል ወይስ ማስረዳት? የፊደል ልዩነት ብቻ ከሆነ ማስረዳት ይሻላል፤ ሁለቱም አጻጻፍ የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ የተረጋገጠ ወረቀት አያይዙና እለፉ። የአያት ስም ጨርሶ ከተለየ ግን፣ አንዱ ላይ አባ እንትና ሌላው ላይ ሌላ ከሆነ፣ ጊዜ ቢወስድም ከምንጩ አስተካክሉት። በማስረዳት አይታለፍም። የድሮ የትምህርት ወረቀት፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሳይቀር፣ ለዚህ ጊዜ ይጠቅማል። በኋላ የወጣ የልደት ካርድ ያለው ሰውም ያንን አይጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ፈረንጅ ላያውቀው ይችላል፦ እኛ ስናገባ የባል ስም አንወስድም። እሱ በአባቱ፣ እኔ በአባቴ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፣ ጣጣ የለውም።

ቀን ላይ እኔ ራሴ ተበልቻለሁ። ኒካሃችን ኅዳር 9 ቀን 2016 ነው። ወረቀቱን ያስተረጎምኩበት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ኖቬምበር 18 ብሎ ጻፈው። ባሌ ፎርሙ ላይ 19 ሞልቷል። ትክክለኛው 19 ነው። ምክንያቱም 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜን 6 ሆና ነበር፣ ስለዚህ 2016 አንድ ቀን ዘግይቶ ነው የገባው፤ መስከረም 1 በፈረንጆቹ 11 ሳይሆን 12 ዋለ። ይሄ የአንድ ቀን ሽግሽግ እስከ የካቲት 21 ይቆያል፣ ከዚያ ይስተካከላል። ተርጓሚው በቃሉ በሚያውቀው ስሌት ነው የሄደው። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ ሠርጋችን እሑድ ነበር፣ ኖቬምበር 18 ደግሞ ቅዳሜ ነው። እናንተም እንዲህ አረጋግጡ፤ የሳምንቱን ቀን አስታውሱና የፈረንጁን ካላንደር እዩ። አራት ብር የማይፈጅ ነገር እኔን እንደገና ማስተርጎምና እንደገና ማስፈረም አስወጥቶኛል።

ትርጉሙን ማን ይሥራው? ጅማ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የሚያስተምር የአክስት ልጅ ያላችሁ ሰዎች አውቃለሁ፣ እንግሊዝኛውም ከማንም ይበልጣል፣ ግን ለካናዳ ዘመድ መተርጎም አይችልም። ተርጓሚው የተመሰከረለት ባለሙያ ካልሆነም ትርጉሙ ትክክል ነው ብሎ የማለበት የቃለ መሐላ ወረቀት ይፈለጋል። እንግሊዝ ተርጓሚው ሙሉ ስሙን፣ ፊርማውን፣ ቀኑንና አድራሻውን አስቀምጦ ትክክለኛነቱን እንዲያረጋግጥ ትፈልጋለች። አሜሪካ ቀለል ትላለች፣ ቋንቋውን የሚችል ሰው «ሙሉና ትክክል ነው፣ ለመተርጎምም ብቁ ነኝ» ብሎ ከፈረመ ይበቃታል። ጅማ ወይስ አዲስ አበባ ለሚለው፣ ወረቀቱ በኦሮምኛ ከሆነ እዚሁ ጅማ ይሻላል እላለሁ፤ አዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ ቤቶች መጀመሪያ ወደ አማርኛ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ያዞሩትና ስሙ መንገድ ላይ ይቀየራል። የፓስፖርት ኮፒ ሰጥታችሁ «ስም ከዚህ ቅዳ» በሉት። ሳይታተም አንብቡት። ከታተመ በኋላ ማንበብ ለቅሶ ነው።

ኦሪጅናሉን ደግሞ ላሚኔት አታስደርጉ። እናቶቻችን እንዳይበላሽ ብለው በፕላስቲክ ያስለብጡታል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተም የሚጠይቅ አገር ከሆነ የሚሄዱት፣ ፕላስቲክ ላይ ማህተም አይመታም።

ቀድሞ ማውጣት ወይስ ቆይቶ?

አሮጌ ሆኖ የሚጠቅመውን ዛሬ፣ ትኩስ መሆን ያለበትን መጨረሻ ላይ። ደረሰኝ፣ ቲኬት፣ ፎቶ፣ ጥሪ ዛሬ ይቀመጥ። የሕክምና ምርመራና ከወንጀል ነጻ ወረቀት ጊዜያቸው ስለሚያልፍ ሲጠየቁ። ለምሳሌ ለእንግሊዝ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወረቀት የሚያገለግለው ለ6 ወር ነው፤ ተቻኩሎ ያሠራ ሁለቴ ይከፍላል።

ግን ከዚህ ሕግ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፣ ለብዙ የጅማ ሴቶች የሚሆን። ዓረብ አገር ሠርታችሁ ከተመለሳችሁ፣ የዚያኛውም አገር የፖሊስ ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። ካናዳ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ በተከታታይ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከኖራችሁበት አገር ሁሉ ልትጠይቅ ትችላለች። ሳዑዲ አራት ዓመት፣ ቤይሩት ሁለት ዓመት ከሆነ፣ የሦስት አገር ወረቀት ልትጠየቁ ትችላላችሁ። የኛው ከአዲስ አበባ በቀላሉ ይወጣል፣ የዚያኛው ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ የድሮ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ወይም ፓስፖርት ኮፒ ሊጠየቅ ይችላል። ይሄን ቀድማችሁ ጀምሩት። ካልተገኘ ደግሞ የሞከራችሁበትን ሁሉ፣ የላካችሁትን ኢሜይልና የተሰጣችሁን መልስ ጭምር፣ አስቀምጡ። ሳዑዲ አልነበርኩም ብሎ ከመሙላት ይሄ በብዙ ይሻላል፤ አሻራ አለ፣ ማህተም አለ።

ባለቤታችሁ እዚያ ማዶ የሚያዘጋጀውን ብዙ አላወራም፣ የሱ ሥራ ነው። ብቻ ልዩነቱን እወቁ፤ እንግሊዝ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ በዓመት 29,000 ፓውንድ ገቢ ትጠይቃለች፣ አሜሪካ ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ፣ ካናዳ ለትዳር ጓደኛ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የገቢ ወለል የላትም። እሱ ሥራ ስለለቀቀ እናንተ እዚህ ፎቶ ብትጨምሩ ምንም አይለወጥም።

በራስ ወይስ በጉዳይ አስፈጻሚ?

ጉዳይ አስፈጻሚ ለመላላክ ጥሩ ነው። ወረፋ ይይዝላችኋል፣ አዲስ አበባ ያለውን ጉዳይ እናንተ 350 ኪሎ ሜትር ሳትመላለሱ ይጨርሳል። በሕጋዊ ውክልና ከሆነ ምንም አልልም። ታሪካችሁን እንዲጽፍ ግን አትስጡት። አንድ ሰፈራችን ያለች ልጅ የተጻፈላት ታሪክ ላይ ከባሏ ጋር ካፌ ውስጥ ተጋጭተው ቡና ፈሶባት ተዋወቁ ይላል። የተዋወቁት በአጎቷ በኩል ነው! በሽማግሌ መጋባት የሚያሳፍር ነገር መስሎት ያሳመረላት ነው እንግዲህ። ኢንተርቪው ላይ «የትኛው ካፌ?» ብትባል ምን ልትል ነው?

ለካናዳ ደግሞ ገንዘብ ተቀብሎ ስለ ማመልከቻችሁ የሚያማክር ወይም የሚወክላችሁ ሰው እዚያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም አማካሪ መሆን አለበት። «ቻት እንሠራልሻለን፣ የጋራ የባንክ ደብተር እናመጣለን» ያላችሁን ሰው እዚያው ጥላችሁ ውጡ። በሐሰት ሰነድ የተያዘ ሰው በካናዳ 5 ዓመት ይታገዳል፣ በአሜሪካ ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ጉዳይ አስፈጻሚውን ማንም አያግደውም፣ ነገ ሌላ ደንበኛ ይዞ ይቀጥላል። ጉዳያችሁ ቀላል ከሆነ፣ ማለትም የመጀመሪያ ትዳር፣ ከዚህ በፊት ያልተከለከላችሁ፣ ልጅ ላይ ክርክር የሌለ ከሆነ፣ ራሳችሁ ሥሩት። ከባድ ከሆነ ብሩን ለእውነተኛ ጠበቃ አውጡት።

ስካኑን በተመለከተ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያምራል፣ ግን ፋይላችሁ ሁሉ የሰው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። እኔ በስልክ መተግበሪያ ነው ያነሳሁት፣ በቀን ብርሃን፣ በር ላይ ተቀምጬ። ፎቶ ኮፒ ቤት ከሄዳችሁ በፍላሽ ተቀበሉና ፊታችሁ እያለ እንዲያጠፋው አድርጉ፣ ከሪሳይክል ቢንም ጭምር።

ለአሻራ አዲስ አበባ ስትሄዱ በአውቶቡስም ሂዱ በአውሮፕላን ኦሪጅናሎቹን ከሻንጣ ጋር አትጫኗቸው። በእጅ ቦርሳ ያዙ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልሉ። ክረምት ከሆነ በሦስት።